ሽማግሌውን ውሻ መቼ እናሰናብተው?

በአገራችን ስለ አንድ ውሻ ሞት በጋዜጣ መጻፍ ሳያስቅ አይቀርም። ለሰው መድኃኒት ተፈልጎ በሚታጣበት ጊዜ «ደግሞ ብላችሁ ብላችሁ ለውሻ!» የሚለን አንባቢ ቢኖር አንቀየመውም፤ እኛም ራሳችን ነገሩ ከቤታችን እስኪደርስ ድረስ ከሳቂዎቹ ወገን ነበርንና። የሆነ ሆኖ በ2017 ዓ. ም. በጥቅምት ወር የደረሰብንን ለሥራ ባልደረቦቻችን ባጫወትናቸው ጊዜ፤ አንዱ በመጀመሪያ ሳቀና ኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የራሱን ውሻ ታሪክ ነገረን። በማግስቱ ሌላው መጣ። ሦስተኛዋ ከስድስት ዓመት በፊት ስለ ሞተችባት ውሻ ስታወራን ዐይኗ እንባ አቀረረ። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም «ቸኮልን ወይስ ዘገየን?» የሚል ነው። ስለዚህ ዛሬ ይህን ዓምድ ለአንድ ሽማግሌ ውሻ ብንሰጠው አንባቢያን ይፍቀዱልን።

ውሻው መቻል ይባል ነበር። ስሙን ያወጡለት አያታችን ናቸው። የዱሮ ሰው ለውሻው ስም ሲያወጣ ለጎረቤት መልእክት መላኩ የታወቀ ነው፤ በግልጽ ሊናገሩት የሚያስቸግረው ነገር በውሻ ስም ይጠራል። በዚያን ጊዜ አያታችን ከአጥር ተጋሪያቸው ጋር በውኃ መውረጃ ምክንያት ተቀያይመው ስለ ነበር፤ ማታ ማታ ፍርፋሪ ይዘው ከደጅ ቆመው «መቻል! ና መቻል!» እያሉ ሲጣሩ፤ የሚጠሩት ውሻውን ብቻ እንዳልነበረ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ጠቡ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በሽማግሎች ታረቀ። ስሙ ግን ከውሻው ጋር ቀረ።

ወደ ቤታችን የመጣው በ2003 ዓ. ም. ክረምት በብስኩት ካርቶን ውስጥ ሆኖ ነው። እኛ ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ተዘግቶልን ወደ አራተኛ ክፍል ለማለፍ የምንጠባበቅ ልጅ ነበርን። ዘሩ የሚጠቀስ አልነበረም፤ መልኩ ቡላ፣ ደረቱ ነጭ፣ አንደኛው ጆሮው የቆመ፣ ሌላው የወደቀ፣ በአዲስ አበባ በየመንገዱ የሚታየው ዓይነት የሐበሻ ውሻ ነበር። ከቤት ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ በተባለ ትንሽ ውሻቸው የታወቁ ቢሆኑም፤ ለሌላው ሕዝብ ውሻ ማለት የበር ዘበኛ ማለት ነው። መቻልም በሩን አሳምሮ ጠብቋል። ጅብ ከእንጦጦ በኩል ወርዶ የሰፈሩን ቆሻሻ በሚፈትሽበት ሌሊት፤ ጩኸቱን የሚጀምረው እርሱ ነበር፤ የሌላው ግቢ ውሾች የሚከተሉት ኋላ ነው። ደመወዙም ፍርፋሪና ከሥጋ ቤት የሚመጣ አጥንት ነበር። በዐቢይ ጾም አጥንት ስለማይገኝ ሁለት ወር ሙሉ ከእኛ ጋር አብሮ ጾሞ፤ በትንሣኤ ከእኛ ይልቅ እርሱ ይፈስክ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው እርጅና መጣ። ብዙ ሰው «አንድ የውሻ ዓመት ሰባት የሰው ዓመት ነው» ሲል እንሰማለን። ሒሳቡ ለጨዋታ ያህል ካልሆነ በቀር ትክክል አይደለም። ትልልቅ ውሾች ቶሎ ያረጃሉ፤ እጅግ ግዙፎቹ በሰባትና በስምንት ዓመታቸው ሽማግሌ ሲሆኑ፤ ትንንሾቹ ግን ከዐሥር ዓመት በኋላም ብዙ ይቆያሉ። መቻል መካከለኛ ነበር፤ በማንኛውም ቁጥር ቢቆጠር ግን በ2016 ዓ. ም. አሮጌ ነበር። ዐይኑ ደመና ለበሰ። ጆሮው ከመድከሙ የተነሣ ለፖስተኛ ሳይጮኽ ይቀርና የቤቱን ልጅ ይጮኽበታል። በሰኔ ወር የኋላ እግሮቹ ሲነሣ ይንቀጠቀጡ ጀመር።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋታችንን ሳንሸሽግ እንጽፋለን። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ገና ዓመት ያልሞላን፤ ሁሉን ነገር ያወቅን የሚመስለን ጊዜ ነበር። ውሻው ሲያነክስ ባየን ጊዜ፤ ከቤት ውስጥ ለራስ ምታት የተቀመጠ አይቡፕሮፌን የሚባል ኪኒን አገኘንና ግማሹን በሥጋ ጠቅልለን አበላነው። በማግስቱ እግሩ የተሻለው መሰለን፤ ደስ ብሎን አምስት ቀን ደጋገምንለት። ይህ ለሰው የተሠራ ኪኒን የውሻን ጨጓራ የሚያቆስልና ኩላሊቱን የሚጎዳ መሆኑን ያወቅነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ፓራሲታሞልም ቢሆን ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ ለውሻ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር አንድ አንባቢ እንኳ ቢይዝልን ጽሕፈታችን ከንቱ አልሆነም።

በሐምሌ ወር መቻል ውኃ ያለ ልክ ይጠጣ ጀመር፤ ምግቡን ግን አሽትቶ ይመለሳል። ሰውነቱ ከሳ፤ ከአፉ መጥፎ ሽታ መጣ፤ ምራቁ ይንጠባጠባል። ይህን ጊዜ የዱሮዋ ባለ ጠባችን፣ ዛሬ ወዳጃችን የሆነችው ጎረቤት በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ አየችውና «እትዬ፣ ይኸ ውሻ አብዷል፤ ልጆች አሉኝ፤ አንድ ነገር አድርጉልኝ» አለች። አልተሳሳተችም ለማለት አንችልም፤ ጭንቀቷ ግን የሚገባ ነበር። በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ሰው ይገድላል። ነገር ግን ይህ በሽታ የያዘው ውሻ ምልክቱ ከታየበት በኋላ ከዐሥር ቀን በላይ መቆየቱ ብርቅ ነው፤ ስለዚህም ሰው የነከሰ ውሻ ለዐሥር ቀን ታስሮ እንዲጠበቅ ይደረጋል። መቻል ግን ማንንም አልነከሰም፤ በየዓመቱ ተከትቧል፤ ሲደክምም አራተኛ ወሩን ይዞ ነበር። የክትባት ወረቀቱን አሳየናትና ተረጋጋች፤ ልጆቿን ግን ከአጥሩ አራቀች።

ያን ዕለት ማታ በቤታችን ጉባኤ ሆነ። አጎታችን ወደ ሱሉልታ መንገድ በመኪና ወስደው «ሜዳ ላይ ጥለነው እንምጣ፤ ከዚያ ወዲያ የራሱ ዕድል ነው» አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ በልጅነታቸው ያዩት እንዲህ ሲደረግ ነውና። ሽማግሌው ዘበኛችን በበኩላቸው «ለምን ጅብ ይብላው? በሥጋ አድርጌ የሚጠጣውን ነገር እሰጠዋለሁ፤ ሳያውቀው ይሄዳል» አሉ። ሳያውቀው መሄዱ ግን እውነት አይደለም። በብዙ አገር ለውሻ መግደያ ሲሠራበት የኖረው ስትሪክኒን የተባለው መርዝ፤ ጡንቻን ሁሉ እያኮማተረና እያንዘፈዘፈ፤ አእምሮ ሳይደነዝዝ ትንፋሽ በማሳጣት የሚገድል ነው። አያታችን ሁለቱንም ሰምተው ሲያበቁ «ነፍሱን የሰጠው እግዜር ነው፤ እርሱው ይውሰዳት። በእኔ ግቢ ነፍስ አይጠፋም» ብለው ተነሡ። እኛም ሐኪም ይምጣ አልን። በዚያ ማታ ከጉባኤው ሁሉ አዋቂው እኛ እንደሆንን አልተጠራጠርንም ነበር።

በአገራችን የእንስሳት ሐኪም ሲባል በይበልጥ የሚታሰበው ለላምና ለበሬ ነው። በቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያስመረቃቸው ሐኪሞች ብዙ ዘመን የደከሙት ለገበሬው ሀብት ነው፤ ይህም ትክክል ነበር። ዛሬ ግን በአዲስ አበባ ለውሻና ለድመት የሚመጣ ሐኪም ይገኛል። የመጡት ሐኪም ወጣት ነበሩ። ድዱን ገልጠው አዩ፤ ቆዳውን ከጫንቃው ላይ ቆንጥረው ለቀቁና እስኪመለስ ቆጠሩ፤ ውኃ ያነሰው እንስሳ ቆዳው ቶሎ አይመለስም። ደም ቀድተው ወሰዱ። በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጥተው «እማማ፣ ይኸ ውሻ የያዘው እርጅና ብቻ አይደለም። ኩላሊቱ ደክሟል» አሉ።

ያስረዱን እንደሚከተለው ነው። ኩላሊት ታጋሽ ዕቃ ስለሆነ፤ ከሦስት እጅ ሁለት እጁ እስኪበላሽ ድረስ ምልክት እምብዛም አያሳይም፤ በደም ምርመራ ጎልቶ የሚታየው ደግሞ ከአራት እጅ ሦስት እጅ ያህሉ ከጠፋ በኋላ ነው። የጠፋውም አይመለስም። ለእግሩ ሕመም የሚሆኑ፣ ለውሻ ተብለው የተሠሩ መድኃኒቶች አሉ፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ለደከመ ኩላሊት ጠር ናቸው። እግሩን ስናድን ኩላሊቱን እንጎዳለን፤ ኩላሊቱን ስንጠብቅ እግሩ ያመዋል። ስለ ኪኒኑ ነገርናቸው። ሐኪሙ ዝም ብለው ቆዩና «ኩላሊቱ ከሰኔ በፊት ገና የጀመረው ነው፤ ኪኒኑ ግን አልረዳውም» አሉ። ምናለ ተቆጥተውን ቢሆን ብለን ተመኘን።

ሰዉ በተለምዶ ግሉኮስ የሚለውን ዓይነት የጨው ውኃ በሁለቱ ጫንቃዎቹ መካከል በቆዳው ሥር እንድንሰጠው አስተማሩን። በየሁለት ቀኑ ሰጠነው። በነሐሴ ወር በእርግጥ ተሻለው፤ ፀሐይ በወጣች ጊዜ ከግድግዳው ሥር ተጋድሞ ይሞቃል፤ አንድ ጊዜም የጎረቤት ድመት አባረረ፤ ሦስት እርምጃ ያህል ቢሆንም ማባረር ነው። ሐኪሙ ሲሰናበቱን የነገሩንን ግን አልረሳነውም፤ «የሚመጣው ይታወቃል። ቀኑን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ» ብለውን ነበር።

በቋንቋችን ለዚህ ነገር የተለመደ ቃል የለንም። ፈረንጆች ከግሪክ ወስደው ዩታናዚያ ይሉታል፤ ፍቺውም መልካም ሞት ነው። በእኛ ዘንድ መልካም ሞት የሚባለው ንስሐ ገብቶ፣ ቆርቦ፣ በዘመድ መካከል በአልጋ ላይ ማረፍ ነው፤ ውሻ ከዚህ የሚደርሰው አንዱ ብቻ ነው። መጻሕፍትን ብንመለከት እርዳታ አላገኘንም። በመጽሐፈ ጦቢት የጦቢያ ውሻ ከልጁና ከመልአኩ ጋር መንገድ ሄዶ በሰላም ይመለሳል፤ አረጀ ሞተ የሚል ግን አልተጻፈም። ሆሜር በኦዲሲ የጻፈው አርጎስ የተባለው ውሻ ደግሞ፤ በፍግ ክምር ላይ ተጥሎ ቁንጫ እየበላው ጌታውን ይጠብቅና፤ በሃያኛው ዓመት ጌታው ሲመለስ ጅራቱን ቆልቶ፣ ጆሮውን ጥሎ ወዲያው ይሞታል። እጅግ ያማረ ነው። ነገር ግን ባለቅኔ የወደደውን ሰዓት መምረጥ ይችላል፤ የማንም ቤት ውሻ በሰዓቱ አይሞትም። ደግሞም አርጎስን በዚያ ፍግ ላይ ሳሉ ያዩት የቤቱ ሰዎች ምን ሲያደርጉ ኖሩ? ስናነበው ዱሮ ያልጠየቅነው ጥያቄ ነው።

መመዘኛም ፈለግን፤ አገኘንም። አሊስ ቪላሎቦስ የተባሉ አሜሪካዊት የእንስሳት ሐኪም እ. ኤ. አ. በ2004 ያወጡት አንድ ሚዛን አለ። ሰባት ነገር ይጠይቃል፤ ሕመሙ ተችሎታል ወይ? ይበላል ወይ? ውኃው በሰውነቱ ይበቃል ወይ? ንጹሕ ሆኖ ይኖራል ወይ? ደስታ አለው ወይ? ይንቀሳቀሳል ወይ? ከክፉው ቀን መልካሙ ቀን ይበዛል ወይ? ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ ዐሥር ይሰጣል፤ ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ አስታማሚው ቢቀጥል ይገባዋል ይላል። በመስከረም መጀመሪያ ቆጥረን 44 ሰጠነው። በሦስተኛው ሳምንት 41 ሆነ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት መካከል ግን መቻል በራሱ ሽንት ላይ ተኝቶ ማደር ጀምሮ ነበር።

ስሕተቱ ከሚዛኑ አልነበረም፤ ከሚዛኑ ያዥ ነው። ለደስታው ስምንት የሰጠነው፤ ማታ ከሥራ ስንገባ ጅራቱን አንድ ጊዜ መሬት ላይ ስለሚመታ ነው። የለካነው የእኛን ደስታ ኖሯል። ከዚህም የባሰውን ያገኘነው ከግድግዳ ላይ በሰቀልነው የቀን መቁጠሪያ ነው። ሐኪሙ በመከሩን መሠረት መልካም በሆነው ቀን ላይ ክብ፣ በክፉው ላይ መስቀል እናደርግ ነበር። ወረቀቱ በክብ ተሞልቷል። አንድ ማታ ግን ክቦቹን ወደ ኋላ ስንቆጥር፤ «መልካም ቀን» ያልነው ነገር በየሳምንቱ ትርጉሙ ተለውጦ አገኘነው። በነሐሴ መልካም ቀን ማለት ድመት ያባረረበት ነበር። በመስከረም መጀመሪያ እስከ በሩ የሄደበት ሆነ። በመስቀል ሰሞን ቆሞ የበላበት። በጥቅምት መግቢያ ውኃ ጠጥቶ ያላስታወከበት ቀን ክብ ተደርጎበታል። ውሻው አንድ ደረጃ በወረደ ቁጥር እኛም ሚዛናችንን ይዘን አብረነው ወርደናል፤ በዚህ አኳኋን ቢሞት እንኳ ክብ ሳናደርግበት አንቀርም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀን ሁሉ የምንለው ይህንኑ ነው። መለኪያው ውሻው ገና ደኅና ሳለ ይጻፍ። በዚያን ጊዜ የሚወዳቸውን ሦስት ነገሮች በወረቀት ላይ ማስፈር፤ ሁለቱ ሲጠፉ ሐኪም መጥራት፤ ወረቀቱንም አለመሠረዝ። ሕመሙን በጩኸቱ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ብዙ ይጠብቃል። ሌሊቱን ሙሉ ለጅብ ሲጮኽ የኖረ ውሻ ለራሱ ሕመም አይጮኽም። ሳይሮጥ ያለከልካል፤ ሊተኛ ዞሮ ዞሮ ሳይተኛ ይቀራል፤ አንድ ቦታ ደጋግሞ ይልሳል፤ ከሰው ርቆ ከጥግ ይገባል። ይህን ሁሉ መቻል አድርጓል፤ እኛም «አርፏል» ስንል ነበር።

የሚገርመው ሚዛንም መጽሐፍም ሳይኖራቸው አስቀድመው ያወቁት አያታችን መሆናቸው ነው። ጠዋት ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ መቻል ከበሩ ቆሞ ይቀበላቸው ነበር። በመስቀል ማግስት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሩን ከፍተው ቆመው ቆዩና፤ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ወደ እኛ መጥተው «ልጄ፣ ይኸ ውሻ ሄዷል፤ የቀረው ሕመሙ ነው» አሉን። «ነፍስ አይጠፋም» ያሉት አያታችን ናቸው እንግዲህ። ጉዳዩን ለንስሐ አባታቸው ሊነግሩ ሄዱ። አባ ጉዳዩን ሰምተው «በጉን ስታርጂ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» አሏቸው። አያታችንም «አባቴ፣ በጉ ድምፄን አያውቀውም» ብለው መለሱ። አባ ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው የሚያውቀውን ድምፅ እየሰማ ይሂድ» ብለው አሰናበቷቸው። ይህን ሲነግሩን ፊታቸውን ወደ ምጣዱ መልሰው ነበር።

ቀኑ ለቅዳሜ ጥቅምት 9 ተቀጠረ። ታዲያ ሐሙስ ዕለት በዋሽንግተን የሚኖረው ወንድማችን ስልክ ደወለ። ውሻውን በካርቶን ይዞ የመጣው እርሱ ነው። «እሑድ ከሥራ ዕረፍት ነኝ፤ በስልኩ ምስል ልየው፤ አንድ ሳምንት ምን ያደርጋል?» አለን። ለወንድማችን ስንል አራዘምን፤ እንዲያ ነበር ያን ጊዜ ያልነው። እውነቱን ለመናገር ግን ወንድማችን ባይደውል ኖሮ ሌላ ምክንያት እንፈልግ ነበር፤ ስልኩ ሲጮኽ የተሰማን እፎይታ ነውና። እሑድ ዕለት ወንድማችን ከባሕር ማዶ «መቻል! መቻል!» እያለ ተጣራ። ጆሮው የማይሰማ ውሻ ቀና ብሎ የተመለከተው ስልኩን ሳይሆን ስልኩን የያዘውን እጃችንን ነበር።

ያ አንድ ሳምንት ያደረገው የሚከተለውን ነው። ሐሙስ ጥቅምት 14 ለዓርብ አጥቢያ፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ መቻል ይንቀጠቀጥ ጀመር። መንጋጋው ገጠመ፤ እግሮቹ በአየር ላይ የሚሮጥ ይመስል ተወራጩ። ኩላሊት ማጣራት ያቃተው መርዝ ወደ አንጎል ሲወጣ የሚያመጣው መሆኑን ኋላ ሰማን። ለቀቀው፤ ተመለሰበት፤ ለቀቀው። እስከ ንጋት አራት ጊዜ ያዘው። ዘበኛችን ካፖርታቸውን አውልቀው ከበታቹ አነጠፉለትና ራሱን እንዳይመታ በሁለት እጃቸው ይዘውት አደሩ፤ በሥጋ መርዝ ልስጠው ያሉት ሰው ናቸው። ለሐኪሙ ደወልን፤ ሌሊት መምጣት አልቻሉም፤ «ሲነጋ እመጣለሁ» አሉን። ቅዳሜ ጥቅምት 9 ቢሆን ኖሮ ይህን ሌሊት አያየውም ነበር። ይህን የምንጽፈው ለመጸጸት ብቻ አይደለም፤ ሌሎች «ጥቂት ቀን ቢጨመርለት» ሲሉ ጥቂቱ ቀን ምን ዓይነት ሊሆን እንደሚችል እንዲያውቁት ነው።

ዓርብ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተኩል ሐኪሙ ደረሱ። ከሁሉ አስቀድሞ ልንጠይቃቸው የሚገባንን በመጽሐፍ አንብበን ነበርና «መጀመሪያ ያስተኙታል ወይ?» አልናቸው። ይህ ጥያቄ ያስፈልጋል። በብዙ አገር የሚሠራበት ፔንቶባርቢታል የሚባል ማደንዘዣ ነው፤ መጠኑ በዝቶ በደም ሥር ሲሰጥ ልብን ከማቆሙ በፊት አእምሮን በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ያስተኛል። እርሱ በማይገኝበት ቦታ በመጀመሪያ ጠልቆ የሚያስተኛ ማደንዘዣ ሰጥቶ፤ ኋላ ልብ የሚያቆመውን መስጠት ይቻላል። ሳያስተኙ ልብ የሚያቆም መርፌ መውጋት ግን ከሕክምና የሚቆጠር አይደለም። ሐኪሙ በጥያቄያችን አልተቀየሙም፤ ጠርሙሱን አሳይተው አስረዱን።

አያታችን ከማድ ቤት በሳሕን ሥጋ ይዘው ወጡ። ዓርብ የጾም ቀን ነው፤ ዓርብ ዕለት በእጃቸው ሥጋ ሲነኩ ያየናቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። መቻል አልበላም። አሸተተና ጣታቸውን ላሰ። «ተወው፤ ይበቃዋል» አሉና አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሐኪሙ በጭኑ ላይ የማረጋጊያውን መርፌ ወጉት። ዐሥር ደቂቃ ያህል ጠበቅን፤ አያታችን ስሙን እየጠሩ ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ካርቶኑ፣ ስለ ጎረቤቲቱ ጠብ ሳይቀር ያወሩት ነበር። ትንፋሹ ረዘመ፤ የወደቀው ጆሮው ከቆመው ጋር እኩል ወደቀ። ሐኪሙ የፊት እግሩን ጠጉር ላጩ፤ የደም ሥሩን ፈልገው አገኙ፤ «እማማ፣ ልስጠው?» ብለው ጠየቁ። አያታችን ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሦስት ደቂቃ አልሞላም። በማዳመጫው ልቡን ሰምተው «አበቃ» አሉን። ዐይኑ አልተከደነም፤ የእንስሳ ዐይን በዚህ ጊዜ እንደማይከደን፤ ጡንቻውም ጥቂት ቢንቀጠቀጥ ወይም አንድ ትንፋሽ ቢያወጣ ሕመም እንዳልሆነ አስቀድመው ስለ ነገሩን አልደነገጥንም። አጎታችን በዚህ መካከል ደርሰው ኖሮ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከበሩ ቆመው ነበር። ሳቅ ያለው ሰው አልነበረም።

የቀረው ቀብሩ ነው። በሰፈራችን የሞተ ውሻ ከወንዝ ዳር ይጣላል። ሐኪሙ ይህን አጥብቀው ከለከሉ። መድኃኒቱ በሬሳው ውስጥ ስለሚቆይ የበላው ጅብ፣ ውሻም ሆነ ጥንብ አንሣ ይሞታል፤ በከተማችን ሰማይ ላይ የሚያንዣብበው ትንሹ ጥንብ አንሣ ደግሞ በዓለም ላይ ሊጠፉ ከተቃረቡት አእዋፍ አንዱ ነው። ዘበኛችንና አጎታችን ከኮኩ ዛፍ ሥር ከሰው ወገብ በላይ ቆፈሩ። ከላዩ ድንጋይ ጫኑበት። ዘበኛው ካፖርታቸውን አልወሰዱም፤ በእርሱ ተጠቅልሎ ተቀበረ።

በዚያን ቀን ማታ፤ ራት ከተበላ በኋላ፤ አያታችን እንደ ልማዳቸው ፍርፋሪውን በሳሕን ይዘው ወደ ደጅ ወጡ። «መቻል! ና መቻል!» ብለው ተጣሩ። ከዚያም ሳሕኑን እንደ ያዙ ቆመው ቀሩ። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቲቱ ልብስ ከገመድ ታወርድ ነበር። ጥቂት ዝም አለችና፤ «እትዬ፣ ወዲህ ይስጡኝ፤ የእኔዋ ትበላዋለች» አለች። አያታችን ሳሕኑን በቆርቆሮው ላይ አሻግረው ሰጧት።